አስራ አራት ደቂቃ ያለ አብራሪ

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ፣ አክስቴ ቤት ቤዝመንት፣ ማለት ምድር ቤቱ ውስጥ፣ አምስት ሰዎች ነበርን። ስም አልጽፍም፤ እያንዳንዱ ራሱን ያውቃል።

አንደኛው እኔ ነኝ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ዳውንታውን ዴንቨር አንድ የፓርኪንግ ጋራዥ መውጫ ላይ ቡዝ፣ ጠባብ የመስታወት ክፍል፣ ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት እቀበላለሁ። ግድግዳው ጥግ ያለው ኮምፒውተር የእኔ ነበር።

ሁለተኛው ጓደኛዬ ነው። ታክሲ ይነዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሆቴሎቹ ወደ ኤርፖርት። መካከለኛው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። እኔ ካፒቴን እለዋለሁ፣ እሱ ኢንጂነር ይለኛል፤ ሁለታችንም የምንባባለውን አልነበርንም።

ሦስተኛዋ የአክስቴ ልጅ ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ፣ አማርኛውን አንድም ሳያመልጣት እየሰማች በእንግሊዝኛ የምትመልስ። ከደረጃው አጠገብ ያለው ላፕቶፕ የእሷ ነው።

አራተኛዋ አክስቴ ናት። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ያን ቀን ዕረፍት ነበራት፤ ወደ ቤዝመንት የወረደችው እንግዳ ይዛ ነው።

አምስተኛው እንግዳው ናቸው፤ ጋሼ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ደግሞ ኮሜርስ ሲቲ ባለ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ዕቃ ማንሻ መኪና፣ ይነዳሉ።

ዝርዝሩን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። የምናገረውን ስህተት ያገኘነው እነዚህ አምስት ሰዎች በአንድ ክፍል ስለተገናኙ ነው። ከአምስቱ አንዱ ቢቀር ኖሮ ስህተቱን ሰው ፊት ይዘነው እንቀርብ ነበር።

ጌሙን ከጀመርነው ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር። መንኮራኩር የሚበርበት የጠፈር ጌም ነው። ከካፒቴን ጋር የተዋወቅነው በሥራዬ ቦታ ነው፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከጋራዡ መውጫ አጠገብ ይቆማል፣ እኔ ደግሞ ቡዙ ውስጥ ከኢንተርኔት ያተምኳቸውን ወረቀቶች አነባለሁ። አንድ ቀን በመስኮቱ አጮልቆ አየና የማነበው ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። በማግስቱ የራሱን ወረቀቶች ይዞ መጣ። ሁለታችንም ኮድ መጻፍ ያስተማረን ሰው አልነበረም፤ እሱ በታክሲው ውስጥ፣ እኔ በቡዙ ውስጥ ተማርን። ሥራውን ስንከፋፈል በረራው የእሱ ሆነ፤ መንኮራኩሩ እንዴት እንደሚፈጥን፣ እንዴት እንደሚዞር፣ ሞተሩ ሲጠፋ ምን ያህል እንደሚንሳፈፍ። ያን ክፍል ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያስተካክለው ኖረ። ሌላው ሁሉ የእኔ ነበር፤ ሥዕሉና ሞዴሉ የአክስቴ ልጅ።

በረራው ጥሩ ነበር። ይህን የምለው የጓደኛዬ ሥራ ስለሆነ አይደለም። ብዙ ጌም ላይ መንኮራኩር እንደ መኪና ነው የሚነዳው። የእሱ ግን ክብደት ነበረው፤ ስታዞረው እንቢ የሚልህ፣ ከዚያ የሚታዘዝህ ነገር ነበረው።

እኔን አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኝ ነበር። አብራሪው ከመቀመጫው መነሳት አይችልም። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደተቀመጠ ነው። ጠላት መንኮራኩሩን ከውጭ መምታት ይችላል እንጂ በር ሰብሮ መግባት አይችልም፤ ከበሩ በስተጀርባ ምንም የለምና። አብራሪው ተነስቶ፣ ኮሪደሩን በእግሩ ሄዶ፣ ጠመንጃ ይዞ በሩ ላይ የሚዋጋበት ጌም እፈልግ ነበር። ካፒቴንን ሁለት ጊዜ ነገርኩት። ሁለቱንም ጊዜ ወሬ ቀየረ።

ሚሌኒየሙ ሊከበር ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በዚያ የአሜሪካ በጋ፣ እንደ እኛ ቤታቸው ቁጭ ብለው ጌም የሚሠሩ ሰዎች አንድ ቅዳሜ አዳራሽ ተከራይተው ሥራቸውን ለሕዝብ ሊያሳዩ መሆኑን ሰማን። ጠረጴዛ ለመያዝ ፎርም ይሞላል። የሞላሁት እኔ ነኝ። ጌማችሁ ምን አዲስ ነገር አለው የሚል መስመር ነበረበት፤ እዚያ ላይ አብራሪው ከመቀመጫው ተነስቶ በእግሩ መዋጋት ይችላል ብዬ ጻፍኩ። ያኔ አንድ እርምጃ የሚራመድ ሰው እንኳ አልነበረንም። ማንንም አላማከርኩም። ጥፋት ነበር፤ ጥፋት መሆኑንም ስጽፈው አውቃለሁ።

ካፒቴን የሰማው ከአክስቴ ልጅ ነው። በማግስቱ ታክሲውን ቡዙ ፊት አቆመና መስኮቱን አወረደ። አልጮኸም። እሱ ሲናደድ ድምፁ ይቀንሳል።

«ኢንጂነር፣ ሥራ፤ አልከለክልህም» አለኝ። «ግን እግርህ በረራዬን ከነካብኝ፣ ወይ እስከዚያ ቅዳሜ ካልተስተካከለ፣ ያቺን መስመር ትሰርዛለህ፣ እኔም የእኔን ይዤ እወጣለሁ። ከዚያ በኋላ አብረን አንሠራም።»

ተስማማሁ። ከኋላው የቆመ መኪና ጡሩምባ ነፋበትና ሄደ።

ስለዚህ የዚያ በጋ ውርርድ ይህ ነበር። እግሩ፣ ማለት የእግር ውጊያው፣ ካልሆነ ጓደኛዬ ይሄዳል፣ በረራውም ከእሱ ጋር።

ሥራው የጀመረው በውርደት ነው። የመጀመሪያውን ሰው ሠርቼ፣ ቁመቱን አንድ ሜትር ከሰባ አምስት አድርጌ፣ የመንኮራኩሩ በር አጠገብ አቆምኩት። በሩ አስራ አንድ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ያልፍበታል። ጠፈር ላይ ትልቅና ትንሽ የሚያስለይ ነገር ስለሌለ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አላስተዋለም ነበር። የአክስቴ ልጅ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየችና «ሂ ኢዝ ኤን አንት» አለች። እውነቷን ነው፤ ሰውየው ጉንዳን ነበር።

መንኮራኩሩን በሙሉ ማሳነስ ቀላል ነበር፤ ግን ያኔ የካፒቴን በረራ ይለወጣል። ስልሳ ሜትር ርዝመት ይዞ የሚዞር መንኮራኩር፣ በሩ ለሰው እንዲሆን ተብሎ ወደ አስራ አንድ ሜትር ሲያንስ እንደዚያው አይዞርም። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ የውጩን አካል ሳትነካ በሩንና መስኮቶቹን ደግማ ሣለች። ሁለት ቅዳሜና እሑድ ፈጀባት። የውስጡን መጠን ያመጣሁላት እኔ ነኝ፤ ከጋራዡ። ሜትር ይዤ በምሳ ሰዓቴ የዓምዶቹን ርቀት፣ የደረጃውን ስፋት፣ መግቢያው ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለውን የከፍታ መለኪያ ዘንግ ለካሁ። ሁለት ሜትር ከሦስት ሳንቲ ሜትር። የመንኮራኩራችን በር ዛሬም ያው ነው። ሰው ሲያልፍበት ሳያስበው ጎንበስ የሚልበት ከፍታ ነው፤ እኔም የፈለግኩት ያንን ነበር።

ለጠላትነት ሮቦቶች ሠራን። በሩን ቆርጠው ይገባሉ፤ ሁለት ወታደሮች ኮሪደሩ ውስጥ ይጠብቋቸዋል፤ አብራሪው መብረሩን ይቀጥላል፣ ሲፈልግ ደግሞ ተነስቶ ያግዛል። ጠመንጃው የሚተኩስበትን ድምፅ ከአክስቴ ልጅ ጋር ሦስት ጊዜ ቀየርነው። ተኩስ ላይ ከእሷ የሚወዳደር አልነበረም። እኔ የጻፍኩትን መሣሪያ ይዛ እኔን በአንድ ደቂቃ አራት ጊዜ ትገድለኝ ነበር፣ ለዚያውም ማስቲካ እያኘከች።

ሊታይ አስራ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ፣ ሦስታችን በሦስት ማሽን አብረን ሞከርነው። ካፒቴን ከቅዳሴ በኋላ ነጠላውን መኪና ውስጥ ትቶ መጣ፤ እኛም ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ በልተናል። እሱ መንኮራኩሩን አስነሳ፤ ከጣቢያው ወጣና ፍጥነቱን በሰከንድ ስድስት መቶ ሜትር ላይ ቆለፈው። እኔ ኮሪደሩ መሃል፣ እሷ በሩ ጋ ቆመናል። የመጀመሪያዎቹን ሮቦቶች መለስን፤ ኪቦርድ የሚነካ ሰው ከሌለ ሌሎች አይመጡም።

ያኔ ከላይ የአክስቴ ድምፅ ተሰማ። «ልጆች፣ ጋሼ መጥተዋል!» ከኋላዋ ጋሼ ደረጃውን እየያዙ ወረዱ።

ሦስታችንም ተነሳን። እጃችን ከኪቦርድ ተነሳ። አንድ ሰው ጌሙን ለምን አላቆማችሁትም ሊል ይችላል። አይቆምም፤ ሦስት ማሽኖች ተያይዘው ሲጫወቱ የማቆሚያ ቁልፍ አልሠራሁለትም ነበር። ቢኖርም እንጫነው ነበር አልልም። ሽማግሌ ሲገባ ጀርባህን አዙረህ ቁልፍ አትፈልግም።

ጋሼ ሰላምታቸው አጭር አይደለም። እያንዳንዳችንን ትከሻ ለትከሻ ሳሙን። የእናቴን ጤንነት ጠየቁ፣ የአባቴን ጉልበት ጠየቁ፣ የአክስቴን ልጅ ስለ ትምህርቷ ጠየቁ፣ እሷም «ጉድ፣ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፤ «ጉድ» ያለችው በእንግሊዝኛ ደህና ለማለት ነው፣ የቀረው አማርኛ። ካፒቴንን የት ሰፈር እንደተወለደ ጠየቁትና አጎቱን የሚያውቁ ሆነው ተገኙ። ከዚያ ወደ ስክሪኖቹ ዞሩ።

«ተኩስ ነው?» አሉ።

ሰው አይሞትበትም፣ የምንመታው ሮቦት ብቻ ነው አልኩ። እሑድ ስለነበር ቸኩዬ ነው የመለስኩት።

«ሮቦቶቹስ ምን አጠፉ?»

የአክስቴ ልጅ ሳቋን ለመደበቅ ሳለች። ጋሼ ራሳቸው ፈገግ አሉና ከመጣሁ አይቀር ቤቱን እንባርክ አሉ። ጭንቅላታችንን ደፋን። ለቤቱ ጸለዩ፣ ለአክስቴ ወገብ፣ ለልጅቷ ፈተና፣ ለእኔ ሥራ፣ ለካፒቴን መንገድ፣ በበረዶ ለሚነዱ ሁሉ፣ ኮሜርስ ሲቲ አብረዋቸው ለሚሠሩ በስም፣ በሩቅ አገር ላሉ ቤተሰቦቻችን። ካፒቴን የእኛን ቤተ ክርስቲያን ባይሄድም ከሁላችን በላይ አንገቱን ደፍቶ ነበር። በጸሎቱ መሃል የሚሰማው የመንኮራኩሩ ሞተር ብቻ ነው።

አሜን ሲባል መጀመሪያ ዓይናቸውን የገለጡት እሳቸው ናቸው። የእኔን ስክሪን አዩት። ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ወታደርህ ወባ አለበት እንዴ?»

ዞርኩ። ወታደሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። እጁ ከጠመንጃው ላይ ይነሳል፣ ይመለሳል፤ ጣቶቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ያልፋሉ፤ መንጋጋው ወደ ግራ ዘልሎ ወደ ቦታው ይገባል። የአክስቴ ልጅ ወታደርም እንደዚያው። የኮሪደሩ ግድግዳ ጠርዞች እንደ ጥርስ ይንገጫገጫሉ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት እጃችን ከኪቦርድ ከተነሳ አስራ አራት ደቂቃ እንደሆነ ያሳያል።

ካፒቴን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። «እግር ሰጠኸው፣ ታመመብህ» አለ። ስምምነታችንን አላነሳም፤ ማንሳትም አላስፈለገውም።

ጋሼ ወደ ላይ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ እኔ ኪቦርዱ ላይ ነበርኩ። ያን ቀን አላዘንኩም። ስህተት ሳይታይ ነው የሚያስፈራኝ፤ ከታየ በኋላ የሚለካ ነገር ነው። መንኮራኩሩን ወደ ጣቢያው መልሼ እንደገና በቀጥታ ለቀቅኩትና ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ደቂቃ ምንም አይታይም። በአምስተኛው የጣቱ ጫፍ ብቻ። በአስረኛው እጁ። በአስራ አራተኛው ዝላዩ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በየደቂቃው ሳይሆን በርቀቱ ነበር የሚብሰው፤ ፍጥነቱን በግማሽ ስቀንስ ወባው በእጥፍ ዘግይቶ መጣ። አስራ አራት ደቂቃ በስድስት መቶ ሜትር፣ አምስት መቶ አራት ኪሎ ሜትር። ሦስት ዓመት ሙሉ ማናችንም በአንድ አቅጣጫ ያን ያህል በረን አናውቅም። አብራሪ ዝም ብሎ አይሄድም፤ ይዋጋል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። ያን ያህል ሩቅ ለመሄድ መንኮራኩሩን የለቀቀ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ተነስተው፣ ጸሎት እስኪያልቅ የሚቆሙ።

አክስቴ ማታውኑ ነገሩ ምን እንደሆነ እንዳስረዳት ጠየቀችኝ። ለበሽተኞቿ የሳምንት መድኃኒት የምታዘጋጅበት ባለ ሰባት ክፍል ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ነበር። እሱን አነሳሁ። ኮምፒውተሩ አንድ ነገር የት እንዳለ የሚጽፍበት ሰባት ክፍል ብቻ ነው ያለው አልኳት። ቅርብ ሲሆን አንዱን ክፍል ለሜትሩ ይጠቀምና የቀሩት ለሳንቲ ሜትር፣ ለሚሊ ሜትር ይተርፋሉ። አምስት መቶ አራት ሺህ ሜትር ስንሄድ ግን ስድስቱን ክፍል ርቀቱ ብቻ ይወስዳቸዋል። አንድ ክፍል ቀረ። የጣት ውፍረት የሚጻፍበት ቦታ የለም። ስለዚህ ጣቱን እዚህ ወይም እዚያ ይጥለዋል።

«ታዲያ ልጁ አልታመመም» አለች አክስቴ። «ሩቅ ሄዶ ነው።»

ከዚያ የተሻለ አላልኩም ነበር።

መፍትሔው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነበር፤ ባነበብኳቸው ወረቀቶችም ላይ አለ። መንኮራኩሩን ዜሮ ላይ፣ ልኬቱ ከሚጀምርበት ነጥብ ላይ፣ ታቆመውና ጠፈሩን በሙሉ ወደ ኋላ ታንቀሳቅሰዋለህ። የሚያይ ሰው ልዩነቱን አያውቅም። ሰኞ ጠዋት ካፒቴን ቡዙ ጋ ሲቆም ነገርኩት።

«መንኮራኩሩ ይቁምና ከዋክብቱ ይሂዱ ነው የምትለኝ?»

አዎ፣ ስሌቱ ያው ነው አልኩት።

«እንግዲያው ሦስት ዓመት የሠራሁት በረራ አይደለም። በመስኮት የሚያልፍ ሥዕል ነው።» መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «በረራዬን ካልነካህ ብለናል።»

ብለናል። ቃል ቃል ነው። በዚያ ላይ ከልቤ ሳስበው እውነት ነበረው። የእሱ ክብደት፣ ያ እንቢ የሚለው ነገር፣ መንኮራኩሩ ራሱ ስለሚሄድ የመጣ ነው። ቁጥሮቹን ገልብጬ ያው ይመስላል ብለው፣ መጀመሪያ የሚያውቅብኝ እሱ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ጭር ይላል። ከቡዙ ፊት ለፊት ሊፍቱ አለ። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ እያየሁ ነበር። ሊፍት ውስጥ የቆመን ሰው የት ነህ ብትለው ከበሩ ሁለት እርምጃ ገባ ብዬ ይልሃል። ከመንገዱ ስንት ሜትር ከፍ ብያለሁ አይልም፤ አያስፈልገውም። እኔ ግን ወታደሮቼን የማስቀምጣቸው ከጣቢያው ለክቼ ነው፤ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለን ጣት ከጣቢያው እለካለሁ። መለካት ያለብኝ ከኮሪደሩ ግድግዳ ነበር።

ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ኮሪደሩን ከመንኮራኩሩ አወጣሁት። ውስጡ ብቻውን፣ ዜሮ ላይ፣ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ክፍል ሆነ። ወታደሮቹ እዚያ ይራመዳሉ፣ ሮቦቶቹ እዚያ ይገባሉ፣ ጥይቱ እዚያ ይሄዳል። መንኮራኩሩ ከውጭ እንደ ድሮው ይበራል። በመስኮቶቹ የሚታየውን ብቻ ከእሱ ወስጄ ወደ ክፍሉ አመጣሁት። የአክስቴ ልጅ በሩ ላይ አንድ ስፌት አገኘች፤ ከውጭው ቀለም ጋር የማይገጥም የጣት ስፋት ያለው መስመር ነበር። እሷ ባትናገርም እኔ ራሴ አየው ነበር፤ ግን ቀድማኝ አየችው።

ዓርብ ምሽት ለካፒቴን የእሱን ፋይል ከፍቼ አሳየሁት። ለመጨረሻ ጊዜ የተነካበት ቀን ከፎርሙ በፊት ነበር። አንድ ፊደል አልተለወጠም። ሁለት ጊዜ አነበበው። «እሑድ እናያለን» አለ።

ለእሑድ አንድ ነገር ያስፈልገኝ ነበር። አስራ አራት ደቂቃ እጃችንን አጣጥፈን ብንቀመጥ ይሞከራል፤ ግን ስህተቱ በተገኘበት መንገድ እንዲሞከር ፈለግኩ። ሁሉም ነገር እንደዚያ ቀን ሆኖ። እሑድ ከፕሮግራሙ በኋላ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጋሼን ጠብቄ፣ ቤት መጥተው እንደ ባለፈው እንዲጸልዩልን ጠየቅኳቸው። ለምን እንደሆነም አልደበቅኩም።

«ባለፈው ስንት ደቂቃ ጸለይኩ?»

«ከሰላምታው ጋር አስራ አራት፣ ጋሼ።»

«ቆጠርክብኝ?»

«ኮምፒውተሩ ነው የቆጠረው።»

ኮታቸውን ቆለፉ። «እንግዲህ የዛሬው ከዚያ ካነሰ ልታማኝ ነው» አሉና ወደ መኪናቸው ሄዱ።

መጡ። አክስቴ ከላይ ጠራች፣ ሦስታችን ተነሳን፣ መንኮራኩሩ በስድስት መቶ ሜትር ተቆልፎ ሄደ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። የአባቴን ጉልበት እንደገና ጠየቁ፤ አልተሻለውም ነበር፤ ስለሱም ጸለዩ። የአክስቴ ልጅ ፈተናዋን እንዳለፈች ነገረቻቸውና አመሰገኑ። የካፒቴንን አጎት በስም አንስተው ጸለዩለት። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። አንድ ጊዜም አልገለጥኩም፤ ይህን የምለው ማንም ስላላመነኝ ነው። አሜን ሲባል አስራ ዘጠኝ ደቂቃ ሆኖ ነበር። ስድስት መቶ ሰማንያ አራት ኪሎ ሜትር። በድሮው ቢሆን ዝላዩ ስድስት ሳንቲ ሜትር ይደርስ ነበር።

ወታደሩ ኮሪደሩ መሃል ቆሟል። ጠመንጃውን ይዟል። ይተነፍሳል፤ ትከሻው በዝግታ ይነሳል፣ ይወርዳል። ሌላ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም።

«ዳነ» አሉ ጋሼ።

ካፒቴን ግን ወደ እኔ ስክሪን አልመጣም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና መንኮራኩሩን በሙሉ ኃይሉ ወደ ቀኝ ጠመዘዘው። እንቢ አለ፣ ታዘዘ። እንደ ድሮው ነበር። ወደ ግራ ጠመዘዘው። ሞተሩን አጥፍቶ አንሳፈፈው። ረጅም ጊዜ ወሰደ። የእሱ በረራ እዚያው እንዳለ ሲያረጋግጥ እኔ ደቂቃውን ወረቀቴ ላይ ጻፍኩ። ሮቦቶቹ በሩን ቆርጠው ሲገቡ የአክስቴ ልጅ አንድ በአንድ ጣለቻቸው፤ እሱም እየጠመዘዘ አንገቱን አዙሮ የእሷን ስክሪን ያይ ነበር።

በድንገት እጁን አነሳ። «ይሄማ ውሸት ነው» አለ።

ምኑ ነው አልኩት።

«እኔ መንኮራኩር ገልብጬ እሷ ቀጥ ብላ ቆማ ትተኩሳለች? ቤት ውስጥ ናት እንዴ?»

እውነት ነበር። ክፍሉ ዜሮ ላይ ቆሟል፤ ውጭ የሚሆነውን አያውቅም። ወለሉ እንዲያዘነብል፣ ሰዎቹም እንዲንገዳገዱ፣ የመዞሪያው ቁጥር ከበረራው መምጣት አለበት። ቁጥሩ ያለው ደግሞ በእሱ ፋይል ውስጥ ነው።

«ፋይልህን አልነካም ብያለሁ» አልኩት።

«አንተ አትነካም» አለ። ወንበሩን ወደ ኪቦርዱ ሳበ። «እኔ እሰጥሃለሁ።»

በሁለት ጣቱ ነበር የሚጽፈው፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። አንድ መስመር ብቻ ጻፈ። እኔ በእኔ በኩል የሚቀበለውን መስመር ጻፍኩ። ጋሼና አክስቴ ቆመው ያዩን ነበር። እንደገና አስነሳነው። ካፒቴን ከጣቢያው ወጣ፣ ሮቦቶቹ እስኪገቡ ጠበቀ፣ የአክስቴ ልጅ ማነጣጠሯን አየና ጠመዘዘው። ወታደሯ ወደ ግድግዳው ተንገዳገደ። ጥይቱ ጣሪያውን መታ።

«ኖት ፌር!» አለች፣ አግባብ አይደለም ማለቷ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስቲካዋን ማኘክ አቁማ።

ካፒቴን ሳቀ። ከዚያ በጌሙ ታሪክ ማንም ከእሱ ያልጠበቀውን ሠራ፤ ፍጥነቱን ቆለፈ፣ የመነሻውን ቁልፍ ተጫነ፣ አብራሪው ከመቀመጫው ተነሳ። ኮሪደሩን ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ካፒቴን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ራሱን ጎንበስ አደረገ። ያጎነበሰው የጋራዡ ዘንግ ከፍታ ነው።

ቅዳሜ የፎርሙ መስመር ሳትሰረዝ ጠረጴዛችን ላይ ተቀመጥን። ሰዎች መጡ፣ በረሩ፣ ተነሱ፣ ተዋጉ። ካፒቴን ለሚጠይቀው ሁሉ በረራው የእሱ እንደሆነ፣ እግሩ የእኔ እንደሆነ፣ መንገዳገዱ ደግሞ የሁለታችን እንደሆነ ይናገር ነበር። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት አብረን ሠራን። ካፒቴን አሁን የሚኖረው ዴንቨር አጠገብ ቶርንተን ነው፤ ታክሲውን ትቷል፣ መጻፉን አልተወም።

ይህን የጻፍኩት በወረቀቶቼ ላይ ካለውና ከማስታውሰው ነው። ወረቀቴ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ ሌላውን ልሳሳት እችላለሁ። አክስቴ፣ የመጀመሪያው እሑድ ሻዩን ከመውረድሽ በፊት ነው ወይስ በኋላ ያፈላሽው? እኔ በኋላ ብዬ ነው የማስታውሰው። አንቺ ደግሞ፣ ባለ ማስቲካዋ፣ በሩ ላይ ያለውን ስፌት ያገኘሽው ረቡዕ ነበር ወይስ ሐሙስ? ካፒቴን፣ ያን ቀን የጻፍካት መስመር መጀመሪያ ስትጻፍ ምልክቷ ተገላቢጦሽ ነበር መሰለኝ፤ ወታደሩ መጀመሪያ ወደ ተሳሳተው ግድግዳ አልወደቀም? ጋሼ፣ እርስዎ ዓይንዎን ሲገልጡ ወታደሩ የተንቀጠቀጠው የቀኝ እጁ ነበር ወይስ የግራ? ቀድመው ያዩት እርስዎ ነዎት። የምታውቁትን ጨምሩበት፤ የተሳሳትኩትንም አስተካክሉት። እኔ እዚሁ ነኝ፣ ቦታ ትቼላችኋለሁ።